ደፋርን ያሸሸንበት ሰሞን

ባለፈው እሁድ ዘንገና ሐይቅ ዳር ደክሞኝ በተቀመጥኩበት፣ አንድ ወጣት በማሰሪያ ይዞት የመጣ ውሻ ከውኃው ወጥቶ አጠገቤ ተራገፈ። ወጣቱ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ እኔ ግን የረጠበው ጠጉር ሽታ ወደ ልጅነቴ ይዞኝ ሄዶ ነበር።

ባጃጅ ገና እንጅባራን በለመደበት ሰሞን፣ ልብስ ሰፊው አባቴ ደፋር የሚባል ቡላ ውሻ ነበረው። ደፋርነቱ ስሙ ላይ ብቻ ነው፤ ለፈረስና ለጋሪ ንቅንቅ የማይለው ውሻ ባጃጅ ሲያይ አባቴ እግር ሥር ይወሸቃል። እሁድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባቴ በገመድ ይዞት፣ እኔም ከኋላ እየተከተልኩ ወደ መስኩ ስንወጣ ሰፈርተኛው ይስቅብን ነበር፤ ውሻ ግቢ ይጠብቃል እንጂ ሽርሽር ይወጣል ብሎ የሚያስብ አልነበረምና። አባቴ ግን የምሩን ነበር፤ ውሻውን ከመኪና ራቅ አድርጎ በመንገዱ ጥግ ያስኬደዋል፣ የሌላ ሰፈር ውሾች ሲመጡም በከዘራው መንገድ ያስለቅቅለታል።

አንድ ክረምት መግቢያ ላይ ያበደ ውሻ ሰው ነከሰ ተባለና፣ መርዝ ስለሚጣል ውሻ ያለው ሁሉ እንዲያስር በድምፅ ማጉያ ተለፈፈ። አባቴ አጥራችንን አላመነውም። ሚኒባስ ውሻ አይጭንምና ደፋርን በእግሩ ይዞት ሄዶ፣ ግምጃ ቤት ከተማ አጠገብ ገጠር ለምትኖረው ታላቅ እህቱ ሰጣት፤ ነገሩ እስኪያልፍ ከገመዱ እንዳትፈታው አደራ ብሎ።

እሁድ ሲደርስ ናፍቆት አላስቀምጥ ስላለን፣ አባቴ፣ እናቴና እኔ ቤቱን ቆልፈን፣ አጥንት በፌስታል ቋጥረን በሚኒባስ ሄድን። አክስቴ ደጅ ስንደርስ ምሰሶው ላይ ገመዱ ብቻ ተንጠልጥሏል።

«እቴቴ፣ ደፋር የት ሄደ?» አለ አባቴ።

«ወንድምዓለም፣ ቤቴ የመጣ እንግዳ እንዴት ታስሮ ይሰነብታል? ወተቱን አጠጥቼ፣ እግሩን ያፍታታ ብዬ በጠዋት ፈታሁት። አሁን ይመጣል፣ እናንተ እህል ቅመሱ።»

እሷ አገር እንግዳ ማሰር ነውር ነው፤ እንግዳው ውሻም ቢሆን። አባቴ አልተቆጣትም። ፊቱ ግን አመድ መሰለ፤ ደፋር በእግሩ የመጣበትን መንገድ ያውቀዋል። እህልም ሳንቀምስ ተመለስን፤ እስከ እንጅባራ በሚኒባሱ መስኮት እርሻ እርሻውን እያየን ደፋርን ፈለግነው።

ከእኛ ቀድሞ ደርሷል። በራችን ሥር ተጋድሟል፤ አፉ ላይ አረፋ ደርቋል፣ የቆርቆሮው በር ከታች እስከ ወገቡ በጥፍሩ ተቧጭሯል። መርዙን በልቶ ቤቱ ደርሶ፣ ክፈቱልኝ ሲል የሚከፍትለት አጣ። ሁላችንም እሱን ልንጠይቅ ሄደናል።

አባቴ ሌላ ውሻ አላሳደገም። እናቴ በሩ ቀለም ይቀባ ስትለው ሁልጊዜ «ክረምቱ ይለፍ» ይላት ነበር፤ ስንት ክረምት አለፈ። አሁን ሁለቱም የሉም፣ አክስቴም የለች፤ የማስታውሰውን የሚያስታውስ ሰው አጠገቤ አጣሁ፣ ይኼ ያደክመኛል። አምና ቤቱን ስሸጥ ገዢው ግቢውን ዞሮ አየና ሁሉንም ወደደው፤ ያን የተቧጨረ በር ግን በሳምንቱ ነቅሎ ጣለው።