ጤና አዳሙን ያደረቀው ማን ነው

ካዛንቺስ ሳይፈርስ በፊት በነበርንበት ግቢ ስድስት ቤት፣ አንድ ቧንቧና አንድ ጤና አዳም ነበረን። የተከሉት እማማ ናቸው፤ የግቢው ትልቅ ሰው። ተክሉ የሳቸው ይሁን እንጂ የማይቆርጠው አልነበረም። ሕፃን ሆዱን ሲነፋው ቅጠሉ ታሽቶ ለብ ባለ ውሃ ይሰጠዋል፤ ጉንፋን የያዘው ያሸተዋል፤ የበላው አልፈጭ ያለው ቡናው ውስጥ ይነክረዋል። እኔ ኮሌጅ የበጠስኩ፣ ባምቢስ አካባቢ ቢሮ የምሠራ ነኝና «ይሄ ደግሞ ሕክምና ሆኖ!» እያልኩ እቀልድ ነበር። ሆዴን ሲቆርጠኝ ግን ከሁሉ ቀድሜ የምገኘው እዚያው ሥር ነው።

ጤና አዳሙ ሕግ ነበረው። የወር አበባዋ ላይ ያለች ሴት አትነካውም፤ ከነካችው ይደርቃል ይባላል።

አንድ ቅዳሜ ነጭ ልብስ አጠብኩ። በረኪና ስጨምር ልክ አላውቅም። የፍሳሹ ቱቦ ተደፍኖ ስለነበር ስልኬን በትከሻዬ ደግፌ እያወራሁ የሳፋውን ውሃ እንዳለ ጤና አዳሙ ሥር ደፋሁት። በሳምንቱ ቅጠሉ ቢጫ ሆነ። በሁለተኛው ሳምንት ግንዱ ሲነኩት ቀጭ ብሎ ተሰበረ።

እማማ ሴቶቹን ቧንቧው ጋ ሰበሰቡንና «ማናችሁ ናችሁ?» አሉ። ከዚያ የሁሉም ዓይን መጨረሻ ክፍል ወደተከራየችው ፓስቲ ሻጭ ዞረ። ከወለደች ገና ጥቂት ወሯ ነው፤ ልጇን ሆዷን እያመማት ጠዋት ጠዋት ቅጠሉን ስትቀነጥስ ሁላችንም አይተናታል።

«አንቺ ነሽ?» አሏት።

«ኧረ ልጄ ትሙት፣ እማማ! ንጹሕ ነበርኩ» አለች። በሰው ሁሉ ፊት እንዲህ ያለ ነገር መጠየቋ አሳፍሯት አንገቷን ደፋች።

የበረኪናው ነገር ያን ጊዜውኑ ገብቶኛል። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ግን እማማ ቱግ ሲሉ አያድርስ! ደግሞ ሰበብ አላጣሁም፤ በወር አበባ ተክል አይደርቅም፣ በማላምንበት ክስ ምን ጥልቅ አደረገኝ አልኩ። መማሬ የጠቀመኝ ለዚህ ነው። ሆድ ይፍጀው ብዬ ተውኩት።

ማንም አልሰደባትም። እማማ ግን ሌላ ችግኝ ተክለው ዙሪያውን በሽቦ አጠሩ፤ ለፈለገ ሰው ራሳቸው ይቆርጡለታል። ሕፃኗ ስታለቅስ ሁላችንም እንሰማለን። እናቲቱ አልጠየቀችም፣ እሳቸውም አልሰጧትም። ጎረቤት ለቡና ሲጠራራም እሷን ይረሳ ጀመር። በሁለት ወሩ ዕቃዋን ጠቅልላ፣ ልጇን አዝላ ስትወጣ በር ላይ አገኘችኝ።

«ደህና ሁኚ እህቴ። አንቺ እንኳን ክፉ አልተናገርሽኝም» አለችኝ።

እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይባላል። የሚያውቀው ሰው ዝም ካለ ግን በራሱ አይጠራም፤ እኔ ምስክር ነኝ።

ሰፈሩ ፈርሶ ሁላችንም በየኮንዶሚኒየሙ ከተበተንን በኋላ፣ ባለፈው ክረምት ወሎ ሰፈር አገኘኋት። ትንሽ ቁርስ ቤት ከፍታለች። አገላብጣ ሳመችኝ፤ ሻይ አቀረበችልኝ። ልጇ ትምህርት ቤት ገብታለች። ስለ ድሮው ግቢ ስናወራ ቆይተን ድምጿን ዝቅ አደረገች።

«ታውቂያለሽ፣ ከዚያ ወዲህ ጤና አዳም ነክቼ አላውቅም። ማለቴ፣ ምናልባት ቀኑን ተሳስቼ ይሆናል እላለሁ። በቃ፣ የገዛ እጄን ፈራሁት።»

ነገርኳት፤ በረኪናውን፣ ሳፋውን፣ ዝም ማለቴን። እየተንተባተብኩ ይቅርታ ጠየቅኋት። በሕይወቴ እንደዚያ ቀን በራሴ አፍሬ አላውቅም።

ትጮህብኛለች ብዬ ስጠብቅ ፊቷ ቀስ በቀስ እየፈካ መጣ።

«የኔን ተዪው» አለች። «ለእማማ ንገሪልኝ። እኔ እያለሁ ንገሪያቸው። የት ነው ቤት የደረሳቸው? አሁኑኑ እንሂድ፣ ዘግቼ እመጣለሁ።»

ምድጃውን አጠፋች፣ እጇን ታጠበች፣ ሽርጧን ፈትታ ነጠላዋን ለበሰች። እማማ ካረፉ ዓመት እንዳለፋቸው የነገርኳት ቁልፉን ይዛ በር ላይ ቆማ ስትጠብቀኝ ነው።