ያልተመለሰው ታንኳ

ዛሬ ከቀትር በኋላ ደብረ ታቦር ላይ፣ ከጉና ተራራ በኩል ሰማዩ ሲያጉረመርም ባጃጅ ውስጥ ነበርኩ። ሾፌሩ ቀና ብሎ አየና "ዝም ብሎ ነው፤ አይዘንብም" አለኝ። ልቤ ጣና ላይ ነበር።

ነገሩ የሆነው ደርግ በወደቀ በጥቂት ዓመት ውስጥ፣ በግንቦት ነው። አዲስ የተቀጠርኩ አስተማሪ ነበርኩ። ከአጎቴ ከጋሼ ውበቱ ጋር ከደሴት ጌሾ ጭነን ወደ ፎገራ ዳርቻ እንመለሳለን። የደንገል ታንኳችን ከማዳበሪያ ከረጢት የተሰፋች ሸራ ነበረቻት። ጎረቤታችን ዘሪሁን በራሱ ታንኳ ከፊታችን ይቀዝፋል። በማግስቱ የበኩር ልጁ ክርስትና ስለነበር፣ ከዘመዶቹ የተዋሰውን ትልልቅ ድስት ጭኗል።

ድንገት ነፋሱ ቆመ። ሸራችን እንደ እርጥብ ጨርቅ ተንጠለጠለች። ጉና ላይ የነበረው ደመና ወደ ላይ አብጦ ሆዱ ጠቁሯል። ወፎቹ ወደ ዳር በረሩ፤ አየሩ ታፈነ።

"ይሄ ዝምታ ደግ አይደለም" አሉ አጎቴ። "ሸራውን አውርድ። ጭነቱን ጠበቅ አድርገህ እሰር። ባዶውን ጀሪካን ደግሞ ወገብህ ላይ፤ ብንገለበጥ ያንሳፍፍሃል።"

ታንኳዋን ዳር ላይ ጥቅጥቅ ብሎ ወደበቀለው ደንገል አዙረው ጮኹ፤ "ዘሪሁን! ተመለስ! ደንገሉ ውስጥ ግባ!"

ዘሪሁን ዘወር አለ። እጁን አነሳ፤ ከዚያ መቅዘፉን ቀጠለ።

ደንገሉ ውስጥ ከመግባታችን ነፋሱ ደረሰ። የደንገሉን አገዳ ጨብጠን በሆዳችን ተኛን። በረዶው ጀርባችንን ገረፈው። መብረቁ ውሃውን ነጭ ባደረገው ቁጥር አጎቴ "እግዚኦ መሐረነ" ይላሉ፤ እኔ ጸሎቱ ሁሉ ጠፍቶኝ የረጠበ ጌሾ እያሸተትኩ ጥርሴን ነከስኩ።

ሲያባራ ሐይቁ ላይ ማንም አልነበረም። ዳር ስንወጣ አንድ ድስት ጭቃው ላይ ተደፍቶ አገኘን።

ዘሪሁን ቤት ለክርስትናው ድንኳን ተተክሏል። ባለቤቱ እናኑ ሕፃኑን ታቅፋ ደጅ ቆማለች።

"ከኋላችሁ ነው?" አለችን።

አጎቴ መሬት ላይ ተቀመጡ። እሷም ገባት።

በዚያው ድንኳን ለቅሶ ተቀመጥን። ሕፃኑ በቀኑ ተጠመቀ፤ ይዘውት የሄዱት ሁሉ ጥቁር ለብሰው ነበር።

አጎቴ እስኪያርፉ ድረስ "አልሰማኝም" ይሉ ነበር። አንድ ጊዜ "እጁን እኮ አንስቷል" ብላቸው፣ "ሰላም ሊለን ነው። ቢሰማኝማ ይመለስ ነበር" አሉኝ። እኔ እንጃ። ምናልባት ሰምቶ፣ የሚጠብቀው ሰው ስላለ ብቻ ልድረስ ብሎ ይሆናል።

ያ ሕፃን ዛሬ ጎልማሳ ነው፤ በይፋግ መንገድ ሚኒባስ ይነዳል። ስንገናኝ አባቱ ምን ዓይነት ሰው እንደነበር፣ አሳሳቁን ሳይቀር ይጠይቀኛል። ያን ቀን ግን አንስቶብኝ አያውቅም። እየተሳሳቅን እናወራለን፤ ተሰናብቶኝ ሲሄድ ግን አባቱ ጥሪውን ሰምቶ እንደነበር ሳልጠየቅ በመቅረቴ እፎይ እላለሁ፤ ወዲያው ደግሞ ያንን እፎይታ እፈራዋለሁ።