ሦስት ጣት ጨርቅ

የልብስ ሰፊ ሜትር የራሱ ሽታ አለው፤ ላብ፣ ጠመኔና የማሽን ዘይት ይሸታል። ያን ያረጀ ሜትሬን ከመሳቢያ ባወጣሁ ቁጥር ወደ ቴፒ ይመልሰኛል፤ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ወደሚውለው ዝናብ፣ ከመንገዱ ማዶ ወደተሰጣው እርጥብ ቡና።

ስፌት ማንም አላስተማረኝም። አንድ አሮጌ ኮት ፈትቼ መልሼ እየሰፋሁ ብቻዬን ተማርኩ። በደርግ ጊዜ ከሚዛን ተፈሪ በጭነት መኪና ተሳፍረው ጨርቅ ይዘውልኝ የሚመጡ ነበሩ። ሰው ደጄ ላይ ሲቆም አይቼ የወገቡን ቁጥር እናገር ነበር። ዛሬም አልሳሳትም።

አንድ ወዳጄ የቡና እርሻ ሾፌር ነበር። ለሠርጉ ሙሉ ልብስ ሊያሰፋ መጣ፤ ወገቡ ሰማኒያ ሁለት ሆነ።

"ጓድ መርፌ፣ ሙሽራ ይበላል እኮ። ትንሽ ትርፍ ተውልኝ" አለኝ።

በስፌቱ ውስጥ ሦስት ጣት ጨርቅ ተውኩለት።

ከሁለት ወር በኋላ ሊለካው ሲመጣ ሱሪው ወገቡ ላይ አልዘጋ አለ። "ሳታገባ ወፈርክ" ብዬ አሾፍኩበት። "እጮኛዬ ናት የምትቀልበኝ" አለና ሳቀ። ሦስቱንም ጣት ለቀቅሁለት። ኮቱ ግን ትከሻው ላይ ሰፍቶት ነበር፤ ክንዱም ቀጥኗል። የሚወፍር ሰው ትከሻው እንደማይከሳ ከእኔ በላይ የሚያውቅ አልነበረም። እኔ ግን ትከሻው ላይ ጥጥ ጨምሬ አሳመርኩት፤ ያየው ሁሉ እጄን አደነቀ።

ቀጥሎ እግሩ አብጦ ጫማ እምቢ አለው፤ ዓይኑም ቢጫ ሆነ። ሰፈሩ አረቄ ነው አለ። አረቄ ግን በአፉ ዞሮ አያውቅም፤ በልጅነቱ የወፍ በሽታ ይዞት ነበር።

የክሊኒኩ ድሬሰር ለእናቱና ለእኔ በረጋ ድምፅ ነገረን። "ጉበቱ ጠጥሯል። ደሙ በውስጡ ማለፍ ስላቃተው ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ውሃው ሆዱ ውስጥ ይጠራቀማል። ጉበቱ ያላጣራው መርዝም ጭንቅላቱ ድረስ ይወጣል።"

"በስንተኛው ወር ነበር መምጣት የነበረብን?" አልኩት።

"ቀደም ብሎ ቢመጣ ኖሮ..." አለና ተወው።

ውሃውን በመርፌ ቀዱለት፤ በሳምንቱ ተመልሶ ሞላ። ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። ስንት ዓመት የነዳውን የሚዛን መንገድ ረሳው። እጁን ሲዘረጋ መዳፉ በራሱ ይርገበገብ ነበር። አንድ ጠዋት ደም አስታወከ፤ የጉሮሮው ደም ሥር አብጦ ፈንድቶ ነው አሉን። ከዚያ ሽንቱ እያነሰ ሄደ። ኩላሊቱም ደከመ ማለት ነው።

አንድ ከሰዓት ከአልጋው ጎን ተቀምጬ ነበር። ከአንሶላ በቀር ምንም አልለበሰም።

"ጓድ መርፌ፣ ልብሱ ጠበበኝ። አስፋልኝ" አለኝ።

እናቱ ቀና ብላ አየችኝ። ሜትሬን ከአንገቴ አውርጄ በሆዱ ዙሪያ አዞርኩት። ቆዳው ተወጥሮ ያበራል። ቁጥሩን ጮክ ብዬ አልተናገርኩም።

"ሦስት ጣት እለቅልሃለሁ" አልኩት።

"ለእሁዱ ሠርግ ይደርሳል?"

"ይደርሳል።"

ቅዳሜ ቀበርነው። ሱሪው እስካሁን እኔ ዘንድ አለ። ወገቡ ላይ የሚለቀቅ ጨርቅ አልተረፈውም።