በእግረኛው ልክ

ባለፈው እሑድ አብሮ አደጌ ጥላሁን ከዳንግላ መጣ። እዚያ ባጃጅ ይጠግናል። ከልቅሶው ወዲህ ቤታችን ሲመጣ የመጀመሪያው ነው። ስለ ዝናቡ አወራን፣ ስለ መንገዱ አወራን። ከዚያ፣ «ማሩ፣ የጌትነት ደብተር አለ?» አለኝ።

አለ። ወንድሜ ከሞተ ወዲህ ከፍቼው አላውቅም ነበር እንጂ አለ። አልጋው ራስጌ፣ ከሉዶ ዳይስ ጋር በላስቲክ እንደተጠቀለለ።

ጌትነት አምስት ዓመት ይበልጠኝ ነበር። እኔ ዘጠነኛ ክፍልን በጨረስኩበት ክረምት ከዩኒቨርሲቲ አዲስ ጨዋታ ይዞ መጣ። ከዶርም ጓደኞቹ ነው የተማረው። ሰሌዳ የለው፣ ካርታ የለው። አንዱ ተራኪ ይሆናል። ሌሎቹ እያንዳንዳቸው አንድ ሰው ይፈጥሩና ያንን ሰው ሆነው ይጫወታሉ። ጉልበቱን፣ ብልሃቱንና ዕድሉን በቁጥር ወረቀት ላይ ይጽፋሉ። ተራኪው «ወንዙ ሞልቷል፤ ምን ታደርጋላችሁ?» ይላል። የምታደርገውን ትናገራለህ፤ መሳካቱን ዳይሱ ይወስናል።

የከተማችን የቆሰበር ክረምት ከቤት አያስወጣም። ጉሙ ከቀርከሃው አጥር ላይ ወርዶ ቁጭ ይላል። እኔ፣ ጥላሁንና የአጎቴ ልጅ የሺ ከምሳ በኋላ ጌትነትን እንከባለን። መሀላችን ትኩስ ቅቅል ድንችና ሚጥሚጣ አለ። ወረቀቶቻችን ሁሉ ሚጥሚጣ ሚጥሚጣ ይሸቱ ነበር።

«በሉ፣ ማን ማን ናችሁ?» አለን በመጀመሪያው ቀን።

«ፈረሰኛ» አልኩ።

«ፈረሰኛ» አለች የሺ።

«እኔም ፈረሰኛ ነኝ» አለ ጥላሁን።

ጌትነት ሳቀ። «አገሩ ሁሉ ፈረሰኛ ከሆነ ማን ሊያርስ ነው?»

እኛ አገር ሌላ ምን ይመረጣል? ፈረሰኞቹ ጥር ላይ በፈረስ በዓሉ ሜዳውን ሲያስጨንቁት እያየን ነው ያደግነው። ማን እግረኛ እንደሚሆን ዕጣ ተጣጣልን፤ ጥላሁን ላይ ወጣ። ሥርና ቅጠል የሚያውቅ እግረኛ መድኃኒተኛ ሆነ። አኮረፈ።

በማግስቱ የእኔን ዳማ ፈረስ ጅብ እግሩን ያዘው። ዳይሱ ነው የወሰነው። እኔ ግን ብድግ አልኩ።

«ፈረሴን አትንካ!»

«ወረቀት ላይ ያለ ፈረስ እኮ ነው።»

«ቢሆንስ!»

የሺም ደገፈችኝ። «ፈረሱን በጅብ አስበላ ሲባል ነውር አይደለም?»

ጌትነት አየን፣ አየንና ደብተሩን አወጣ። «የቤታችን ሕግ አንድ፦ ፈረስ አይሞትም» ብሎ ጻፈ።

ስህተቱ ይኼ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምንም አይነካንም። ወንዙን እንዘላለን፣ ሽፍታውን እናመልጣለን። ጥላሁን ገና ዳገቱን ሲጀምር እኛ ጨርሰናል። ሳምንቱን ሙሉ የተናገረው ነገር ቢኖር «እየመጣሁ ነው» ነው።

አንድ ቀን ወረቀቱን አጥፎ ተነሳ። «እናንተ ጋልቡ። ድንቹን እኔ በልቼ ጨርሻለሁ፤ ሌላ ሥራ የለኝም።» ሳቅን። እሱ ግን ጫማውን እያሰረ ነበር። እንደማይመለስ ገባኝ።

«ለሱም ፈረስ ስጠው» አልኩ።

«ሁላችሁም አንድ ዓይነት ከሆናችሁ ማን ማንን ይፈልጋል?» አለ ጌትነት። ከዚያ ወደ በሩ ዞሮ፣ «ጥሌ፣ እስከ ነገ ታገሰኝ» አለው።

በማግስቱ አዲስ ሕግ አነበበልን። «ሕግ ሁለት፦ አብረው የወጡ ሁሉ የሚሄዱት በእግረኛው ልክ ነው።»

«ታዲያ ፈረሱ ምን ሊሠራ ነው?»

«እኔም እሱን ማየት ፈልጌ ነው።»

እኔ አልታገስኩም። መንደር ውስጥ የታመመች ሴት አለች ሲለን ልጓሙን ለቅቄ ብቻዬን ጋለብኩ። ሕግህን ጣስክ አላለኝም። «ጋልብ» አለኝ። ደረስኩ። ሴትዮዋ በሩ ሥር ተኝታለች። «ምን ታደርጋለህ?» መድኃኒቱ ያለው ጥላሁን ጋ ነው።

እኔ ቁጭ ብዬ እነሱ ሁለት ዙር ተጫወቱ። የሺ ቅጠሉን በፈረሷ ጫነች። ጥላሁን ረግረጉን ዞሮ የሚያልፍ መንገድ አገኘ። እየተሳሳቁ ነበር። ተራዬ ሲደርስ፣ «ወደ ኋላ እመለሳለሁ» አልኩ።

«ምነው ፈረሰኛው፣ መንገድ ጠፋህ?» አለኝ ጥላሁን። ከዚያ ቀን በኋላ አንድም ቀን አልቀረም።

ያን ዕለት ጌትነትን አንድ ነገር ጠየቅሁት። «እግረኛው ቢሞትስ?» ዳይሱን በጣቶቹ መሀል አሽከረከረና፣ «ጥሩ ጥያቄ ነው፤ ገና አላሰብኩበትም» አለኝ።

እሑድ ደብተሩን ከጥላሁን ጋር ከፈትነው። ከሁለተኛው ሕግ በላይ የተሰረዙ መስመሮች ነበሩ። «ፈረስ ይደክማል።» ተሰርዟል። «ፈረስ ሊሞት ይችላል።» ተሰርዟል፤ ጎኑ ላይ በትናንሽ ፊደል፣ «ማሩ ይከፋዋል» ይላል። ያን አላውቅም ነበር። ታች ደግሞ፣ «ሕግ ሦስት፦ እግረኛው ቢሞት ፈረሰኞቹ» ይልና ያበቃል።

«ምን ሊል ነበር?» አለ ጥላሁን።

ገጹን ገለበጥኩት። ባዶ ነው።

ጌትነት በታመመ ጊዜ ከሆስፒታሉ በር እስከ ሚኒባሱ የምሄደው በሱ ልክ ነበር። አሥር እርምጃ፣ ከዚያ እረፍት። አሁን ሰው ሁሉ በርታ፣ ፍጠን፣ ወደፊት እይ ይለኛል። በምን ልክ እንደምሄድ ግን የነገረኝ የለም።

ጥላሁን የመጣው ጋራዡ ውስጥ ያሉት ልጆች ጨዋታውን አስተምረን ስላሉት ነው። ተራኪ እንድሆንላቸው ለመነኝ። እሺ አልኩት። ሦስተኛውን ሕግ እንዳለ ትቼዋለሁ፤ እየተጫወትን እናየዋለን።

ቅዳሜ ወደ ዳንግላ እሄዳለሁ። ማን ማን ናችሁ ብዬ ስጠይቅ ሁሉም ፈረሰኛ እንደሚሉኝ አውቃለሁ። ዕጣ ግን አያስፈልገንም። ጥላሁን ሲወጣ በሩ ላይ ቆሞ፣ «እግረኛው እኔ ነኝ፤ ለማንም እንዳትሰጥብኝ» ብሎኛል።