ሐሙስ ሐሙስ የምትደበዝዝ ኮከብ

እታለማሁ ደረሰ ጥሊሊ ላይ ፊዚክስ ስታስተምር ዘጠነኛ ዓመቷ ነው። ባል አላገባችም፤ ለምን ብሎ የሚጠይቃት አይጠፋም። የምትኖረው ከከተማው ወጣ ብሎ ካለው ካባቷ ቤት ነው። አባቷ አቶ ደረሰ ከሰል አክሳይ ናቸው። ዲከረንስ የሚባለውን የግራር ዛፍ ይቆርጣሉ፣ ይከምራሉ፣ አፈር ያለብሳሉ፣ ይለኩሳሉ፤ ጭሱን አይተውም እሳቱ ውስጥ ለውስጥ የት እንደደረሰ ይናገራሉ።

ባለፈው ዓመት፣ እንጅባራ ዩኒቨርሲቲ የምታስተምር ዶክተር ፋና የምትባል ሴት ካሜራ የተገጠመለት ትንሽ ቴሌስኮፕ አዋሰቻት። ሥራው ከትዕግሥት ሌላ ብዙም አይጠይቅም። አንዲት ኮከብ መርጦ ብርሃኗን መለካት ነው። የምትዞራት ፕላኔት ካለች፣ በፊቷ ስታልፍ ብርሃኑ ጥቂት ይቀንሳል፤ ቅነሳው በእኩል ጊዜ ከተደጋገመ ነገር አለ ማለት ነው። እታለማሁ የመረጠችው ከማዶው ኮረብታ በላይ ዝቅ ብላ የምትታይ ደብዛዛ ቀይ ኮከብ ነበር።

በጥር የመጀመሪያው ሐሙስ ምሽት ብርሃኗ ቀነሰ። በሳምንቱ ሐሙስም ቀነሰ፣ በሦስተኛውም። ለማመሳከሪያ የያዘቻቸው በጎኗ ያሉት ኮከቦች ብርሃን ግን ንቅንቅ አላለም። እታለማሁ ስሌቱን ደጋግማ ሠራችው፦ ምድርን የምታክል፣ በሰባት ቀን አንዴ የምትዞር፣ ውሃ የማይተንባትም በረዶ የማይሆንባትም ዓለም። ደስታው እንቅልፍ ነሳት። ዶክተር ፋና ግን ቁጥብ ሴት ናት። «አራተኛውን ሐሙስ አሳዪኝ፤ ያኔ በትልቅ ቴሌስኮፕ እንዲያዩልሽ እኔው እጽፋለሁ» አለቻት።

እታለማሁ ይህን ለአባቷ ብቻ ነገረች፤ ለእሳቸው መንገር ደግሞ ለአገር መንገር ነው። እሑድ ቅዳሴ እንዳበቃ፣ ልጄ ሌላ ምድር አገኘች ብለው በአገውኛ ለደጀ ሰላሙ ሰው ሁሉ አወሩት።

አራተኛው ሐሙስ ሰማዩ ጠራ። እታለማሁ ጓሮ ተቀምጣ ነጥቦቹ ላፕቶፑ ላይ ሲሰለፉ ጠበቀች። መስመሩ አልወረደም። ቀጥ እንዳለ ቆይቶ ኮከቧ ከኮረብታው ጀርባ ጠለቀች።

ዕቃዋን ስትሰበስብ ከማሳው ዳር ያለው ክምር ዓይኗ ገባ። አፈሩን እንደለበሰ ቁጭ ብሏል፤ ጭስ የለውም።

«አባ፣ ዛሬ አልለኮሱም እንዴ?»

«ላንች ስል ተውሁት። ጭሱ እንዳይጋርድሽ።»

«ሁልጊዜ የሚለኩሱት ሐሙስ ነው?»

«የከሰል መኪናው ረቡዕ አይደል የሚመጣ? ሐሙስ ማታ ካልተለኮሰ ከሰሉ አይደርስም። እና፣ መጣችልሽ?»

እታለማሁ ተመልሳ ተቀመጠች። ክምሩ እንደተለኮሰ ጭሱ ነጭና ወፍራም ነው፤ ቀጥ ብሎ ይወጣና ጫፉ ሳስቶ ከኮረብታው በላይ ያለችውን ኮከብ በስሱ ይጋርዳል፣ በጎኗ ያሉትን አይነካም። ከሰል አክሳይ ቤት ተወልዳ ይህን በመሳቷ በራሷ ተናደደች። ጭሱን ከልጅነቷ ጀምሮ ስለለመደችው ነገሬ ብላ አይታው አታውቅም።

«አልመጣችም፣ አባ። የእርስዎ ጭስ ነበር» አለች።

«ሦስቱም ጊዜ?»

«ሦስቱም።»

አቶ ደረሰ ፊታቸውን ወደ ክምሩ አዞሩ። ለልጃቸው ብለው የአንድ ሳምንት መኪና አሳልፈው፣ ያቺን ዓለም ያጠፉባትም እሳቸው ሆኑ።

በማግሥቱ ጠዋት እታለማሁ ለዶክተር ፋና በቴሌግራም ጻፈች፦ «ሰባት ቀኑ የከሰል መኪናው ቀን ነው። ፕላኔት የለም፤ እንዳትጽፊልኝ።» ልካ ስትወጣ አባቷ ክምሩን እየለኮሱ አገኘቻቸው።

«እሑድ ሰዉን ምን ብየ ነው የማየው፣ አባ?»

«አንች ምን አገባሽ» አሉ፣ ቀና ሳይሉ። «ያጨስሁት እኔ፣ ያወራሁት እኔ። እዚያው ደጀ ሰላሙ ቆሜ የምመልሰውም እኔ ነኝ።»

ከዚያ ነፋሱን አዩና፣ ቴሌስኮፑ ከበረቱ ኋላ ቢቆም ጭሱ እንደማይደርስበት በእጃቸው አሳዩዋት።