ጋሽ ቀስ የሰረዛቸው መስመሮች

በመሥሪያ ቤታችን ጋሽ ቀስን የማያውቅ አልነበረም። ዛሬ ስሙን የሚያነሳ የለም። ስለዚህ እኔ ላንሳው፤ ሐሜት ያሳደገው አፍ ዝም ማለት አያውቅበትም።

ቀስ ያልነው በአካሄዱ አይደለም። ማንም እያለከለከ መጥቶ «ቶሎ በልልኝ!» ሲለው መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ «ቀስ በል፣ ኮምፒውተሩ እግር የለው» ስለሚል ነው። ሥራው የቤተሰብ ጥናት መረጃ ማጥራት ነበር። ጠያቂዎች ቤት ለቤት ዞረው የሞሉትን መጠይቅ ይቀበልና የሦስት ዓመት አያት፣ ከእናቷ የምትበልጥ ልጅ፣ ሁለቴ የሞተ ባል እያደነ ያርማል። ሃያ ስድስት ዓመት ሲያድን ኖረ። ጡረታ ሊወጣ ሁለት ዓመት ቀርቶት ነበር። የሚኖሩት እሱና ባለቤቱ ከግቢው ጀርባ፣ የመሥሪያ ቤቱ በሆነች ባለ ሁለት ክፍል ቤት ነው። በጡረታ የወጣ ሰው ቤቷን እንደያዘ ይቆያል፤ የተባረረ ግን በሳምንቱ ቁልፍ ያስረክባል። ይህንን ሁላችንም እናውቅ ነበር። ልብ በሉልኝ፣ ሁላችንም።

ነገሩ የጀመረው አዲሱ የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ ሲመጣ ነው። ገና በወሩ ፍላሽ መሰካት ከለከለ፤ ፋይል ከአንዱ ፎልደር ወደ ሌላው መገልበጥም ከለከለ። «ጓጉንቸር» ብለን ስም አወጣንለት። የራሳችንን ፎቶ ለማውጣት እንኳ ማመልከቻ ጻፉ ተባልን።

ጋሽ ቀስ ዘንድ ግን አንዲት ቀዳዳ ቀርታ ነበር። መረጃ የሚተነትንበት ፕሮግራም ውስጥ እንደተቀመጠ፣ በአንዲት መስመር «ይህንን ፋይል ከዚህ አንስተህ እዚያ ገልብጥ» ብሎ ኮምፒውተሩን ማዘዝ ይችላል። ፕሮግራሙ ትእዛዙን ያቀብላል፤ ኮምፒውተሩም ለምን ለማን ሳይል ይገለብጣል። የጥናቱ መረጃ በየቀኑ ወደ ሁለተኛው ዲስክ መገልበጥ ስላለበት ጓጉንቸር ይቺን መንገድ ሊዘጋት አልቻለም። የፕሮግራሙ ፈቃድ ደግሞ ሰፊ ነው፤ የማይደርስበት ፎልደር የለም።

ወሬው ሳይውል ሳያድር ተሰማ። ቀድማ የደረሰችው ጸሐፊዋ ናት።

«ጋሼዬ፣ የልጄ የምረቃ ፎቶ እዚያ ውስጥ ተቆልፎብኝ ልሞት ነው!»

«ቀስ፣ እትዬ። ሳይሞቱ የት እንዳለ ይንገሩኝ።»

ከዚያ ሾፌሩ የውሎ አበል ቅጽ ተቆልፎበት መጣ። እኔም ቀጠልኩ፤ የእኔ ለሌላ መሥሪያ ቤት የጻፍኩት የሥራ ማመልከቻ ነበር፣ አለቃዬ ቢያየው ጉዴ የሚፈላበት። ጋሽ ቀስ የሁላችንንም «ጊዜያዊ» ወደሚባለው፣ ማንም ወደሚከፍተው ፎልደር ይገለብጥልናል።

ታዲያ ሥራው ጥንቅቅ ያለ ነው። ከእያንዳንዷ ትእዛዝ በላይ በኮከብ ምልክት የሚጀምር መስመር ይጽፋል። በኮከብ የጀመረን መስመር ፕሮግራሙ ዘሎት ያልፋል፤ ለሚያነብ ሰው የተተወ ማስታወሻ ነው። «* ለእትዬ ጸሐፊ፣ የልጃቸው ምረቃ። እንኳን ደስ ያላቸው።» «* ለሾፌሩ፣ ለሦስተኛ ጊዜ።» የእኔን ደግሞ «* ለዚህ ወሬኛ። ይቅናው።»

አንድ ቀን የዕቅድ ክፍል ኃላፊው መጣ፤ ሲስቅ ጥርሱ ብቻ የሚስቅ ሰው ነው።

«ጋሼ፣ ‹ልዩ ልዩ› የሚል ፎልደር አለኝ። የራሴው ነው፣ ቁልፉ እኔንም ውጭ አስቀረኝ።»

ጋሽ ቀስ ሳይከፍት ገለበጠለት። ውስጡ ገና ያልተፈረመ የዝውውር ረቂቅ ነበር፤ ማን ወደ ሩቅ ቅርንጫፍ እንደሚጣል በስም ተዘርዝሮ። በሦስተኛው ቀን ታትሞ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። ያለቀሰ አለቀሰ፣ የተሳደበ ተሳደበ፣ ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ደበደበ። ጓጉንቸር ሲፈትሽ ቀዳዳዋን አገኛት። ጋሽ ቀስ የትእዛዞቹን ፋይል አትሞ ከሰዓት በኋላ አጣሪ ኮሚቴ ፊት እንዲቀርብ ታዘዘ።

ምሳ ሰዓት ላይ ክፍሉ ውስጥ እኔና እሱ ብቻ ቀረን። ቁልቁል እየወረደ መስመር ይሰርዛል።

«ምን እያደረግክ ነው፣ ጋሼ?»

«ኮከቦቹን እያነሳሁ።»

«ኧረ ተው! ለማን እንደሠራህ የሚያሳይልህ እሱ ብቻ ነው።»

«ትእዛዙን የጻፈው የእኔ ጣት ነው። የሰው ስም በወረቀት ይዤ ልግባ? አፍ አላቸው፤ ሲጠሩ ራሳቸው ይናገራሉ።»

«ባለቤትህስ ምን አለች?»

«እንዳትነካቸው አለችኝ። እሷ ሰው አታምንም» ብሎ ሳቀ።

እውነቱን ልናገር፤ አፌ «ተው» ሲል ሆዴ «ፍጠን» ይል ነበር። የእኔ መስመር ገና ታች ነበረች። እስክትጠፋ ድረስ ዓይኔን አልነቀልኩም።

ኮሚቴው ውስጥ የተባለውን የሰማሁት ቃለ ጉባኤ ከያዘችው ከጸሐፊዋ ነው።

«መቶ አርባ ሦስት ግልባጭ!» አለ ጓጉንቸር ወረቀቱን እያራገበ። «ለማን ነው ይሄ ሁሉ?»

«ለጠየቀኝ።»

«ማን ጠየቀዎት?»

«የፎቁን ሰዎች ጥሯቸው። ይነግሯችኋል።»

ተጠራን። ሾፌሩ «እኔ መሪ ነው የምጨብጠው፣ ከኮምፒውተር ምን አገናኘኝ?» አለ። የዕቅድ ኃላፊው «የምን ፎልደር?» አለ፤ ጥርሱ ብቻ ሳቀ። ጸሐፊዋ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ «ስክሪን ሳይ ራሴን ያመኛል» አለች፤ ከዚያ እስክሪብቶዋን አንስታ ያለችውን በጥሩ የእጅ ጽሕፈት መዘገበች። የእኔ ተራ ደረሰ። ጋሽ ቀስ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ አየኝ፤ ልክ «ቀስ በል፣ ጊዜ አለህ» በሚል ዓይን።

«ሲሠራ አየዋለሁ» አልኩ። «ምን እንደሚሠራ ግን አላውቅም።»

መነጽሩን ወደ ዓይኑ መለሰ።

ደብዳቤው በማግስቱ ወጣ። በእምነት ማጉደል ተሰናብቷል፤ ቤቷን በሰባት ቀን ያስረክብ። ያ የዝውውር ረቂቅ ያለ ለውጥ ተፈረመ። የዕቅድ ኃላፊው ስም አልነበረበትም። የእኔም አልነበረበትም፤ የሥራ ማመልከቻዬ ግን መልስ አላገኘም፣ ይኸው እዚያው ወንበር ላይ ነኝ።

በሰባተኛው ቀን እሱ ታች ንብረት ክፍል ቁልፍ ሲያስረክብ፣ ባለቤቱ የጠረጴዛውን ዕቃ ልትወስድ ወጣች። አጭር ሴት ናት፤ ለማንም «እንደምን ዋላችሁ» አላለችም። መሳቢያውን ከፍታ አንድ ሹራብ፣ አንድ ኩባያና ሁለት መዝገበ ቃላት ካርቶን ውስጥ ከተተች። ልታነሳው ስትጎነበስ ሁላችንም ከየወንበራችን ብድግ አልን፤ ሾፌሩ፣ ጸሐፊዋ፣ ሒሳብ ሹሙ፣ ሁለቱ ልጆች ከመዝገብ ቤት፣ እኔ። «ኧረ እኛ እያለን!» «ኧረ በሞቴ!» እየተባባልን ካርቶኑን ከበብነው።

ቀና ብላ አንድ በአንድ አየችን።

«ለአንዲት ካርቶን ስድስት ሰው?» አለች። «ባለፈው ሳምንት አንድ ይበቃን ነበር።»