ግማሽ ጭንቅላት

ፀጉር አስተካካዩን የሰፈሩ ሰው «ምላጩ» ይለዋል። በእጁ እንዳይመስላችሁ፤ በምላሱ ነው። ዝም በል ሲሉት የሚብስበት ሰው ነው።

የሱቁ በር ወደ ዳገቱ ይከፈታል። ዳገቱ በደን የተሸፈነ ነው፤ ምላጩ ራስ የሚያጥብበት ውሃም ከዚያው ከሚፈልቀው ምንጭ ይወርዳል። ከወንዙ ማዶ ግን ራቁቱን የቀረ ተራራ አለ። ምላጩ የተወለደው እዚያ ግርጌ ነበር። ዛፉ ተቆርጦ ባለቀ በቀጣዩ ክረምት አፈሩ ተንዶ ቤታቸውን ከነእናቱ ይዞ ወረደ። ከዚያ ወዲህ የደን ነገር ሲነሳ ቀልድ አያውቅም።

አንድ ቅዳሜ ሱቁን የሚያከራየው ሀብታም ወንበሩ ላይ ዘፍ አለ።

«ሙልጭ አድርገህ ላጨኝ። ነገ ልጄን እድራለሁ።»

ግማሹ እንዳለቀ ሰውየው በመስታወቱ እያየው ፈገግ አለ። «ዳገቱን ገዛሁት እኮ! ሰኞ መቁረጥ እንጀምራለን፤ አንድ ዛፍ አይተርፍም። እንዲያው ተገትሮ ለማን ይጠቅማል?»

ምላጩ መላጫውን አጥፎ ኪሱ ከተተ።

«ምን ሆንክ? ጨርሰው እንጂ!»

«አልጨርስም፣ ጋሼ። እንዲህ ሆነው ይዳሩ። ዳገቱ ምን እንደሚመስል ሰፈሩ ካሁኑ ይየው።»

ወረፋ የሚጠብቁት ሳቃቸው አመለጣቸው። ሰውየው ቲማቲም መሰለ። «ዛሬውኑ ከሱቄ ውጣ! ደግሞ ለፀጉር! ይበቅላል፤ ዛፍም ይበቅላል!»

«ይበቅላል፣ ጋሼ። እናቴ ግን አልበቀለችም።»

ሰውየው ፎጣውን ከአንገቱ ነጥቆ ወጣ።

የሚጨርስለት ፍለጋ ከተማውን ዞረ። ግን ሌላው የጀመረውን ጭንቅላት መንካት በፀጉር አስተካካዮች ዘንድ ነውር ነው፤ ነገሩን ሲሰሙ ደግሞ ጭራሽ በር ዘጉበት። ራሱ ልላጭ ብሎ ጭንቅላቱን ቢቆራርጠው ተወው። ልጁን የዳረው በቆብ ነው።

ሰኞ ጠዋት መጋዝ የጫነው መኪና ዳገቱ ሥር ሲደርስ መንገዱ ተዘግቷል። ምላጩ መስታወቱን ዛፍ ላይ ሰቅሎ፣ ወንበሩን መሃል መንገድ ላይ ተክሎ አንዱን ደንበኛ ሳሙና ይቀባል። ከኋላው ሰፈርተኛው ሁሉ ተሰልፏል፤ ፀጉር የሌላቸው ሽማግሌዎች እንኳ አልቀሩም።

ሰውየው ቆቡን እስከ ጆሮው ደፍቶ ወረደ። «ዞር በል ብያለሁ!»

ምላጩ ቀና እንኳ አላለም።

«ሥራ ላይ ነኝ፣ ጋሼ። እርስዎም ግማሽ ይቀርዎታል። ከኋላ ተራ ይያዙ።»